ሦስት ገንዳ በአንድ ሳምፕ፦ መብራት ሲጠፋ ቤቱን ውሃ እንዳይሞላው ቧንቧውን እንዴት ልዘርጋ?

#1 · ባለ መደርደሪያ

ሰላም የመድረኩ ሰዎች። አዲስ አበባ ነው ያለሁት። ሦስት የዓሣ ገንዳ ከአንድ ሳምፕ (የገንዳዎቹ ውሃ ወርዶ ከሚጣራበት የታች ገንዳ) ጋር ላገናኝ ነው። መደርደሪያው ተበይዶ አልቋል፤ ቧንቧውን ከመቁረጤ በፊት ግን እናንተ እንድታዩልኝ ፈለግሁ።

ልኩ ይህ ነው። ላይ ሁለት ገንዳ አለ፣ ሀ እና ለ እንበላቸው፤ እያንዳንዳቸው 60 × 40 × 40 ሳ.ሜ። ከሥራቸው አንድ ትልቅ ገንዳ፣ ሐ፣ 120 × 45 × 45። መሬት ላይ ሳምፑ፣ 100 × 40 × 40። የላይኞቹ የውሃ ገጽ ከወለሉ 181 ሳ.ሜ ይርቃል፣ የሐ 111፣ የሳምፑ 25።

ያሰብኩት እንዲህ ነው፦ ፓምፑ ውሃውን ወደ ሀ ያወጣል፤ ከሀ ወደ ለ፣ ከለ ወደ ሐ፣ ከሐ ወደ ሳምፕ ይወርዳል። ቧንቧው በሙሉ 20 ሚ.ሜ ፒፒአር። የፓምፑ ካርቶን 3000 ሊትር በሰዓት፣ ከፍታ 3 ሜትር ይላል። በየመውረጃው ቦል ቫልቭ ገብቶ የውሃውን ልክ በእሱ አስተካክላለሁ። ከታች ያለው ውሃ እንዳይተኛ መላሹን ቱቦ፣ ማለት ከፓምፑ ወደ ገንዳው ውሃ የሚመልሰውን፣ እስከ ገንዳው ሥር አወርደዋለሁ። መብራት ሲጠፋ ውሃው ወደ ኋላ እንዳይመለስ ቼክ ቫልቭ ገዝቻለሁ። የጎደለ ካለ ንገሩኝ።

#2 · ቱቦና ቫልቭ

ወንድሜ፣ ሳትቆርጥ መጠየቅህ ጥሩ አደረግህ፤ ምክንያቱም የሚቀየረው ብዙ ነው። አንድ ነገር ያዝ፣ የቀረው ከሱ ይከተላል፦ የውሃውን ልክ ከፍታ ይወስነው እንጂ ቫልቭ አይወስነው።

መጀመሪያ ሰንሰለቱን ተወው። ከሀ ወደ ለ ወደ ሐ ካስተላለፍከው ለሐ የሚያስፈልገው ውሃ በሙሉ በ86 ሊትሯ ሀ ውስጥ ማለፍ አለበት። ትንሿ ገንዳ ወንዝ ትሆናለች። የሀ ቆሻሻ ለ ላይ ያርፋል፣ የሁለቱ ደግሞ ሐ ላይ። በሀ እና በለ መካከል ያለውን ቧንቧ አንዲት ቅጠል ከዘጋችው ሀ ሞልታ ወለሉ ላይ ትፈሳለች። እያንዳንዱ ገንዳ የራሱ መላሽ ቅርንጫፍና የራሱ መውረጃ ይኑረው፤ ሁሉም ሳምፑ ላይ ይገናኙ።

መውረጃ ላይ ቫልቭ አድርጎ ልኩን ማስተካከል የሚባለው ደግሞ ለጥቂት ሰዓት ይሠራል። የፓምፑ ጉልበት በጥቂቱ ሲቀንስ ወይም ቧንቧው ውስጥ አተላ ሲይዝ ሚዛኑ ይፈርሳል፤ ገንዳው ወይ ይጎድላል ወይ ይፈስሳል። በምትኩ በየገንዳው ጥግ የኦቨርፍሎው ሳጥን አድርግ። ውሃው ከሳጥኑ ጠርዝ በላይ ሲሆን ብቻ ይወርዳል። 850 ሊትር በሰዓት 30 ሳ.ሜ ርዝመት ባለው ለስላሳ ጠርዝ ላይ ሲያልፍ ከጠርዙ በላይ ግማሽ ሳ.ሜ ያህል ብቻ ነው የሚቆመው፤ ማበጠሪያ ጥርስ ካለው 1 ሳ.ሜ ገደማ። ፓምፑ ቢደክምም ቢበረታም የገንዳው ልክ በጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ይለዋወጣል።

አሁን ቧንቧው። ፒፒአር ላይ የተጻፈው 20 የውጩ ስፋት ነው። ፒኤን 20 የሚባለው ግድግዳው 3.4 ሚ.ሜ ስለሆነ ውስጡ 13.2 ሚ.ሜ ብቻ ይቀራል። ሲበየድ ደግሞ በየመገጣጠሚያው የቀለጠው ፕላስቲክ ወደ ውስጥ ቀለበት ሠርቶ ያጠበዋል። 1550 ሊትር በሰዓት በዚያ ውስጥ ለማሳለፍ ውሃው በሰከንድ 3.1 ሜትር መሮጥ አለበት፤ 3 ሜትር ርዝመት ላይ የግጭቱ ኪሳራ ብቻውን 3 ሜትር ከፍታን ይጠጋል። ፓምፕህ ያለው ጉልበት በሙሉ 3 ሜትር ነው። ዋናውን መስመር በ32 ሚ.ሜ ፒቪሲ ሥራው፤ ውስጡ ወደ 29 ሚ.ሜ ነው፣ ፍጥነቱ 0.66 ሜትር በሰከንድ ይሆናል፣ ኪሳራውም ከነክርኖቹ ወደ 20 ሳ.ሜ ይወርዳል። የገዛኸው ፒፒአር አይባክንም፤ ወደ ሀ እና ወደ ለ ለሚሄዱት ቅርንጫፎች በቂ ነው። ወደ ሐ ለሚሄደው 25 ተጠቀም።

#3 · ባለ መደርደሪያ

1550 ሊትር ከየት መጣ? ፓምፑስ አይበቃም ማለት ነው?

#4 · ቱቦና ቫልቭ

ገንዳዎችህ ከጠርዛቸው 4 ሳ.ሜ ዝቅ ብለው ሲሞሉ ሀ እና ለ 86 ሊትር፣ ሐ 221 ሊትር ይይዛሉ፤ ድምሩ 393። በሳምፕ በኩል በሰዓት አራት ጊዜ ያህል መዞር ለተራ የንጹህ ውሃ ዓሣ ይበቃል። ለሀ 350፣ ለለ 350፣ ለሐ 850 ስትመድብ 1550 ይመጣል።

ካርቶኑ ላይ ያለው 3000 ግን ፓምፑ ውሃውን ምንም ከፍ ሳያደርግ የሚሰጠው ነው። አንተ ከሳምፑ ገጽ እስከ ሀ 156 ሳ.ሜ ትወጣለህ፤ የቧንቧውን ኪሳራና ቫልቮቹን ጨምረህ 2 ሜትር በለው። የአምራቹን ግራፍ ማየት ይሻላል፤ ከሌለ ቀጥ ያለ መስመር አስበህ አስላ። ከፍታው 3 ሜትር የሆነ ፓምፕ 2 ሜትር ላይ አንድ ሦስተኛው ይቀረዋል፣ 1000 ሊትር። 4500 ሊትርና 4 ሜትር የሚል ከሆነ ግማሹ፣ 2250 ይቀርልሃል። ትርፉ ፓምፑ ሲቆሽሽ ይጠቅምሃል። መቀነስ ስትፈልግ በመውጫው በኩል እነቀው፤ በመምጠጫው በኩል በፍጹም አትነቅ፣ ፓምፑ ይጮሃል፣ ማዞሪያውም ቶሎ ያልቃል።

ሌላው፣ ሐ ከሀ 70 ሳ.ሜ ዝቅ ይላል። ቫልቭ ከሌለ ውሃው ወደሚቀለው ይሄዳልና ሐ አብዛኛውን ይወስደዋል። የሀን እና የለን ቫልቭ ሙሉ ክፈት፤ የሐን ዝጋና ቀስ እያልክ ክፈተው። ልኩን በዓይን አትገምት። የ10 ሊትር ባልዲና የስልክህን ሰዓት ያዝ፦ የሀ እና የለ አፍ ባልዲውን በ103 ሰከንድ፣ የሐ በ42 ሰከንድ ሲሞላ ጨርሰሃል። አንዱን ስትነካ ሌላው ስለሚለወጥ ዙሩን ሁለት ሦስት ጊዜ ድገም።

#5 · ጋሼ ውሃ ልክ

ልጄ፣ ቼክ ቫልቩን እንደ መከላከያ አትቁጠረው። አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ወይም ሕፃን ቀንድ አውጣ ክዳኑ ሥር ከገባች አይዘጋም። የሚፈተነውም መብራት በጠፋ ሌሊት ነው፣ ያኔ ደግሞ ቆሞ የሚያየው የለም። ፍላጎትህ ከሆነ አስገባው፤ ስሌቱን ግን እንደሌለ አድርገህ ሥራ።

ስሌቱ ይህ ነው። መብራት ሲጠፋ ውሃው በመላሹ ቱቦ ተመልሶ ይሳባል፤ የሚቆመው የቱቦው አፍ አየር ሲያገኝ ነው። የሀ ገጽ 60 × 40 = 2400 ካሬ ሳ.ሜ፣ የለ እንዲሁ 2400፣ የሐ 120 × 45 = 5400። አንድ ላይ 10,200። እንግዲህ ሦስቱም በ1 ሳ.ሜ ሲወርዱ 10.2 ሊትር ሳምፑ ላይ ይደፋል። የሳምፑ ገጽ 4000 ካሬ ሳ.ሜ ነውና በ2.55 ሳ.ሜ ከፍ ይላል።

አንተ ቱቦውን እስከ ሥር አወርዳለሁ አልክ። በ30 ሳ.ሜ ዝቅ ካለ 306 ሊትር ተመልሶ ይመጣል። ሳምፕህ እስከ አፉ ቢሞላ እንኳ 160 ሊትር ነው የሚይዘው፤ ግማሹ ደግሞ ድሮም ውሃ አለበት። ቀሪው ሳሎንህ ውስጥ ነው።

አፉን ከውሃው ገጽ 2 ሳ.ሜ ብቻ ዝቅ አድርገው። ያኔ የሚመለሰው 20.4 ሊትር ነው፤ በቧንቧውና በሳጥኖቹ ውስጥ ያለውን 5 ሊትር ገደማ ብትጨምርበት 25 ይሆናል። ሳምፑ በ6.4 ሳ.ሜ ያህል ከፍ ይላል። ሳምፑን ውስጡ 22 ሳ.ሜ ላይ ብታሠራው 28.4 ላይ ይቆማል፣ እስከ 38 ድረስም ሰፊ ቦታ ይቀርሃል። ከታች ያለውን ውሃ ለማንቀሳቀስ አፉን ወደ ታች አዙረው ወይም ትንሽ የሞገድ ፓምፕ ገንዳው ውስጥ ለጥፍ።

አንዳንዶች ቱቦውን ሥር ድረስ አውርደው ከገጹ ሥር 5 ሚ.ሜ ቀዳዳ ይበሱለታል፣ አየር እንዲስብ። ይሠራል፤ ነገር ግን ብርሃን የሚያገኘው ቦታ ስለሆነ አልጌ ቶሎ ይደፍነዋል። በየሳምንቱ በጥርስ መፋቂያ የሚያጸዳ ሰው ካለ ይሁን፣ ከሌለ አፉን ከፍ ማድረግ ይሻላል።

#6 · ባለ መደርደሪያ

ጋሼ ውሃ ልክ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እርስዎ ያሉትን 306 ሊትር ሳየው ደነገጥኩ። እንግዲያው መብራት ሲጠፋ ያለው ተፈታ ማለት ነው?

#7 · ጋሼ ውሃ ልክ

ግማሹ ነው የተፈታው። የቀረው፣ መብራት እያለ መውረጃው ሲዘጋ ነው። ይህን ብዙ ሰው አያሰላውም።

የመላሹ ፓምፕ የሚቀመጥበት የሳምፕህ ክፍል 25 × 40 ሆኖ 18 ሳ.ሜ ውሃ ቢኖረው 18 ሊትር ነው። የአንዱ ገንዳ መውረጃ ሲዘጋ የሌሎቹ ውሃ ወደ ሳምፑ ይመለሳል፣ የዚያ ግን አይመለስም። ስለዚህ ፓምፑ አየር እስኪስብ ድረስ 18ቱም ሊትር አንድ ገንዳ ውስጥ ይከማቻል። ሐ ላይ ከሆነ 5400 በ4 ሳ.ሜ፣ 21.6 ሊትር ባዶ ቦታ ስላለው ይችለዋል። ሀ ላይ ከሆነ ግን ያለው ቦታ 9.6 ሊትር ነው። 8.4 ሊትር ከላይ ይፈስሳል፣ እሱም ሐ ላይ ካለው መብራት ጀምሮ ነው የሚያረጥበው። የሚያሰጋው ትንሹ ገንዳ ነው እንጂ ትልቁ አይደለም።

መድኃኒቱ በየሳጥኑ ሁለተኛ ቱቦ ማስገባት ነው። ተጠባባቂ መውረጃ ይባላል፦ ከዋናው አፍ ከ2 እስከ 3 ሳ.ሜ ከፍ ያለ፣ ቫልቭ የሌለው፣ ከማንም ጋር ሳይቀላቀል ለብቻው ሳምፑ ድረስ የሚወርድ፣ ጫፉም ከሳምፑ ውሃ በላይ የሚቀር። ውሃ በገባበት ጊዜ ፏፏቴ ይመስል ይጮሃል፤ ጩኸቱ ጥሪው ነው።

#8 · ቱቦና ቫልቭ

ጋሼ ያሉት ላይ የመውረጃውን ስፋት ልጨምር። 32 ሚ.ሜ ፒቪሲ ከአየር ጋር እየወረደ ሳይጮህ 1100፣ ቢበዛ 1300 ሊትር በሰዓት ይወስዳል። ለሀ እና ለለ 350 ስለሆነ እንደ ልብ ነው። ለሐ 850 ይወስዳል፣ ጸጥ እንዲል ከፈለግህ ግን 40 አድርገው። ተጠባባቂዎቹ ሁሉም 32።

ድምፅ የሚመጣው ውሃና አየር ቧንቧው ውስጥ ሲሻኮቱ ነው። ቀላሉ መፍትሔ ደርሶ የሚባለው አሠራር ነው፦ ሳጥኑ ውስጥ ቱቦው ቆሞ ላዩ ላይ ቲ ይገባል፤ ከቲው ጎን ወደ ታች የታጠፈ ክርን ውሃ ይስባል፣ የቲው ራስ በክዳን ተዘግቶ መሐሉ ላይ 3 ሚ.ሜ ቀዳዳ ይበሳል። አሁንም የሚጎረጉር ከሆነ ቀዳዳውን በግማሽ ሚሊ ሜትር እያሰፋህ ሂድ። ለሐ ደግሞ ሄርቢን ማሰብ ትችላለህ፤ ዋናው ቱቦ ሙሉ ሳይፎን ሆኖ (አየር ሳይገባበት በውሃ ብቻ ተሞልቶ እየሳበ) ሳምፑ አጠገብ ባለ ቫልቭ ይታነቃል፣ ሁለተኛው ደረቅ ሆኖ ይጠብቃል። በጣም ጸጥተኛ ነው። መውረጃ ላይ ቫልቭ አታስገባ ያልኩት እዚህ ላይ አይፈርስም፤ ቫልቩ ሳጥኑ ውስጥ ያለውን ውሃ ነው የሚመራው፣ የገንዳውን ልክ የሚወስነው ያው የሳጥኑ ጠርዝ ነው። እዚህ ቦታ ቦል ቫልቭ አይመችም፤ በጥቂቱ ሲነካ ብዙ ይለወጣል። የፕላስቲክ ጌት ቫልቭ ፈልግ። ካላገኘህ ደርሶ ላይ ቆይ፤ የናስ ጌት ቫልቭ ግን አታስገባ።

የሄርቢ ቱቦ ጫፍ ሳምፑ ውሃ ውስጥ ከ2 እስከ 3 ሳ.ሜ ብቻ ይግባ። ከዚያ ከጠለቀ ቱቦው ውስጥ የታሰረው አየር መውጫ አጥቶ፣ መብራት ሲመጣ ሳይፎኑ አይነሳም። ያኔ ውሃው በሙሉ በተጠባባቂው ነው የሚወርደው።

#9 · የወንዝ ጠጠር

ናሱ የተከለከለበትን ምክንያት ላብራራ። ናስ ውስጥ መዳብ አለ። መዳብ በጣም ትንሽ ሆኖ ሽሪምፕና ቀንድ አውጣ ይገድላል፤ ለስላሳና አሲዳማ ውሃ ደግሞ የበለጠ ያሟሟዋል። የጋልቫናይዝድ ቧንቧም በዚንኩ ምክንያት አይሆንም። ውሃው የሚነካው ሁሉ ፒቪሲ፣ ፒፒአር፣ ሲሊኮንና መስታወት ብቻ ይሁን። ሲሊኮኑም ፀረ ሻጋታ ያልተጨመረበት ንጹሑ ነው፤ የመታጠቢያ ቤቱ አይደለም።

ወንድሜ፣ ሀ፣ ለ እና ሐ ውስጥ ምን ልታስገባ ነው? ሳምፕ የጋራ ሲሆን ውሃው አንድ ነው። የታንጋኒካ ሐይቅ ሲክሊድ ጠንካራና አልካላይን ውሃ ይፈልጋል፣ ዲስከስ ደግሞ ለስላሳና ሞቃት። እነዚህን አንድ ሳምፕ ላይ ማስቀመጥ አይቻልም።

#10 · ባለ መደርደሪያ

እህቴ፣ ጉፒና ፕላቲ ላይ ናቸው፣ ሐ ውስጥ ደግሞ ሶርድቴይልና ኮሪዶራስ።

#11 · የወንዝ ጠጠር

እነሱ ይስማማሉ። 24፣ 25 ዲግሪ ላይ ሁሉም ደህና ናቸው።

#12 · ዘረ ዓሣ

እኔ በጠቅላላው ሐሳብ አልስማማም። ሦስት ገንዳ አገናኘህ ማለት በሽታም አገናኘህ ማለት ነው። ነጭ ነጠብጣብ አንዱ ላይ ከታየ ነገ ሦስቱም ላይ ነው። መድኃኒትም ለአንዱ ብለህ ስትጨምር 480 ሊትር ሙሉ ታክማለህ፣ ሳምፑ ውስጥ ያሉትን ባክቴሪያዎችም ትነካለህ። በየገንዳው አንድ የስፖንጅ ፊልተር፣ ለሁሉም አንድ የአየር ፓምፕ፤ ቀዳዳ የለ፣ ቧንቧ የለ፣ የሚፈስ የለ። ጉፒ ለሚያራባ ሰው ይህ ይበቃል።

#13 · የወንዝ ጠጠር

ዘረ ዓሣ ልክ ነው፣ በሽታው እውነተኛ ዋጋ ነው። ሆኖም ጥቅሙም እውነት ነው፦ 480 ሊትር አንድ ላይ ሲሆን ሙቀቱም አሞኒያውም እንደ 86 ሊትር ቶሎ አይዛባም፤ ውሃ የሚቀየረው አንድ ቦታ ነው፣ ማሞቂያውም አንድ ቦታ። እኔ መሐሉን እመርጣለሁ። አዲስ የመጣ ዓሣ ከሲስተሙ ጋር ፈጽሞ ባልተገናኘ ገንዳ፣ በራሱ ስፖንጅ ፊልተርና በራሱ መረብ ለአራት ሳምንት ይቆይ። በተጨማሪ በየቅርንጫፉ ያለው ቫልቭ አንዱን ገንዳ ለይቶ ለማከም ይጠቅማል፦ የመላሹን ቫልቭ ትዘጋለህ፣ ውሃው ከሳጥኑ ጠርዝ በታች ይወርድና መውረጃው በራሱ ይቆማል። ገንዳው ተለየ። ከዚያ አየር ድንጋይ ማስገባትን አትርሳ። ሰንሰለት አድርገኸው ቢሆን ኖሮ ይህ አይቻልም ነበር። ከሕክምናው በኋላም ውሃውን ቀይረህ ጨርሰህ ነው መልሰህ የምትከፍተው።

#14 · ባለ መደርደሪያ

መስታወቱን እንዴት ልበሳው? ሀ እና ለ ተገዝተው የመጡ ናቸው፣ ሐን ባለሙያ ነው የሠራው።

#15 · ጋሼ ውሃ ልክ

መጀመሪያ ቴምፐርድ አለመሆኑን እወቅ። ቴምፐርድ መስታወት ሲነካ እንዳለ ይፈረካከሳል፣ የሚበሳበት መንገድ የለም። ተሠርተው የሚሸጡ ገንዳዎች ብዙ ጊዜ ወለላቸው ቴምፐርድ ነው፣ ጎናቸው ግን ላይሆን ይችላል። ፖላራይዝድ የፀሐይ መነጽር አድርገህ የኮምፒውተር ስክሪን ነጭ ብርሃን በመስታወቱ ማዶ አብራ፤ መነጽሩን ስታዞረው ጥቁር ነጠብጣብ ወይም መስቀል የሚመስል ጥላ ካየህ አትንካው።

ከዚያ ታንክ ኮኔክተሩን፣ ማለት ቱቦውን ከመስታወቱ ቀዳዳ ጋር የሚያያይዘውን፣ ሳትገዛ የመብሻውን ልክ አትምረጥ። ስሙ አንድ ሆኖ ልኩ ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል። ጥርሱ የሚያልፍበትን በካሊፐር ለክተህ 1 ወይም 2 ሚ.ሜ የሚሰፋ የአልማዝ መብሻ ውሰድ። የቀዳዳው ጠርዝ ከመስታወቱ ጠርዝ ቢያንስ የቀዳዳውን ስፋት ያህል ይራቅ።

መስታወቱን ጠፍጣፋ ፎም ላይ አስተኛ። ከሥር በኩል ወረቀት ፕላስተር ለጥፍ፣ ስብርባሪው እንዳይላጥ። በቀዳዳው ዙሪያ በሕፃናት መጫወቻ ሊጥ ቀለበት ሥራና ውሃ ሙላው። ድሪሉ መዶሻ ላይ አይሁን፤ ፍጥነቱ ዝቅ ይበል። መብሻውን መጀመሪያ አጋድለህ ጨረቃ የመሰለ ጭረት አውጣለት፣ ከዚያ ቀና አድርገው፣ አለበለዚያ ይንሸራተታል። ድሪሉን በእጅህ ክብደት ብቻ ተወው። ውሃው እንደ ወተት ሲነጣ ቀይረው። ለ8 ሚ.ሜ መስታወት አሥር ደቂቃ ቢፈጅ ምንም አይደለም። ሊያልፍ ሲል ድምፁ ይቀጥናል፤ እዚያ ላይ እጅህን ይበልጥ አቅልል። መስታወት የሚሰነጠቀው በመጨረሻዋ ሚሊ ሜትር ነው።

ኮኔክተሩ ሲገጠም ጎማው ሰፊው አንገት ባለበት በኩል፣ ማለት በገንዳው ውስጥ በኩል ይሁን፣ ዳዶው ከውጭ። ጎማው ላይ ሲሊኮን አይቀባም። በእጅህ አጥብቀህ ሩብ ዙር ብቻ ጨምር። በመፍቻ የታገሉት ኮኔክተር ወይ ራሱ ይሰነጠቃል ወይ መስታወቱን ይሰነጥቃል።

#16 · ቱቦና ቫልቭ

በፓምፑ መውጫና በየቫልቩ ጎን ዩኒየን (ተፈትቶ የሚገጠም ማያያዣ) አስገባ፤ ካላስገባህ አንድ ፓምፕ ለማጠብ ቧንቧ ትቆርጣለህ። ፒቪሲ ሲጣበቅ ሁለቱንም በአሸዋ ወረቀት አሻክረህ፣ በማጽጃ ጠርገህ፣ ሙጫውን ቀብተህ ሩብ ዙር እያዞርክ አስገባና 30 ሰከንድ ይዘህ ቆይ። አለመያዝ ተመልሶ እንዲወጣ ያደርገዋል። ውሃ ከ24 ሰዓት በኋላ። ሦስቱን ዋና መውረጃዎች አንድ ላይ ለማውረድ ከፈለግህ ደርሶ ከሆኑ ይቻላል፦ 63 ሚ.ሜ ግንድ፣ አግድም ባለበት ሁሉ በሜትር 2 ሳ.ሜ ቁልቁለት፣ ራሱ ላይ ደግሞ ክፍት የአየር መውጫ። ሳይፎን የሆነ ቱቦ ግን ከሌላ ጋር አይቀላቀልም፤ የሌላውን አየር ይስብና ሁለቱም ይዛባሉ።

#17 · ሽቦና ፊውዝ

የኤሌክትሪኩን እኔ ልበል። 30 ሚሊ አምፔር አርሲዲ ብሬከር (ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ ወዲያው የሚያቋርጥ) ሳይኖር ይህን ሲስተም አታብራ። እያንዳንዱ ገመድ ከሶኬቱ በታች ወርዶ ተመልሶ የሚወጣ ማጠፊያ ይኑረው፤ በገመዱ የሚንጠባጠብ ውሃ እዚያ ይወድቃል እንጂ ሶኬት አይገባም። ማከፋፈያውን መሬት ላይ ሳይሆን ግድግዳ ላይ፣ ከሳምፑ ጎን እንጂ ከላዩ አትስቀለው።

ማሞቂያውን ፓምፑ ያለበት ክፍል አታስገባ። ውሃው የሚተነው ከሲስተሙ ሁሉ ነው፣ ልኩ የሚጎድለው ግን በዚያ ክፍል ብቻ ነው። የጋለ ማሞቂያ ግማሹ አየር ላይ ከወጣ ይሰነጠቃል። የሳምፑን ክፍሎች ከሚለዩት መስታወቶች በፊት፣ ልኩ በማይለዋወጥበት ክፍል አስተኛው።

መብራት ለረጅም ሰዓት ሲጠፋ ትልቁን ፓምፕ በባትሪ ለመያዝ አትድከም። ለየገንዳው አየር ድንጋይ ያለው ባለባትሪ የአየር ፓምፕ ይበቃል። ኢንቨርተር ካለህና ሞገዱ ንጹሕ ሳይን ካልሆነ የኤሲ ፓምፕ ይጮሃል፣ ይግላልም። ከጅምሩ 24 ቮልት ዲሲ ፓምፕ ብትገዛ ግን ከሁለት ባለ12 ቮልት ባትሪ ዝቅ ባለ ፍጥነት ማሠራት ትችላለህ። ዝቅ ባለው ፍጥነት ውሃው ሀ ድረስ መውጣቱን አስቀድመህ ሞክር፤ የፍጥነቱ መቀነስ ከፍታውን በጣም ይበላዋል።

#18 · የወንዝ ጠጠር

የአየር ፓምፑ አዲስ አበባ ላይ ቅንጦት አይደለም። ከተማው ከባሕር ወለል 2300 ሜትር በላይ ስለሆነ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። 25 ዲግሪ ላይ ውሃ ባሕር ወለል 8.2 ሚሊ ግራም ኦክስጅን በሊትር ይይዛል፤ እዚህ ከ6 ብዙም አይበልጥም። ፓምፕ ሲቆም ዓሣውም ባክቴሪያውም ከዚያ ላይ ነው የሚተነፍሱት። ስለዚህ አንዱን አየር ድንጋይ ሳምፑ ውስጥ፣ ባክቴሪያው ያለበት ክፍል አስገባ።

ለባክቴሪያው ማደሪያ ውድ ሸክላ መግዛት አያስፈልግም። ቀይ አሽ ይሠራል። ከአተር እስከ ባቄላ የሚያህለውን አበጥረህ፣ የሚፈስሰው ውሃ እስኪጠራ ደጋግመህ እጠበው። ሆምጣጤ ጠብ አድርግበት፤ አረፋ ከሰጠ ኖራ ስላለው የውሃውን ጥንካሬ ይለውጣል፣ ተወው። ከፊቱ ስፖንጅ ይቅደም፣ አለበለዚያ ቀዳዳዎቹ በአተላ ይደፈናሉ።

የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለበት። የሚጨመረውን ውሃ ክሎሪን ማጥፊያ ጨምረህበት ወይም በአየር ፓምፕ ለ24 ሰዓት አናፍሰህ ነው ሳምፑ ውስጥ የምትጨምረው። ተንሳፋፊ ቫልቭ ከሮቶው ጋር በቀጥታ አታገናኝ። ቫልቩ አንድ ቀን ከተጣበቀ የሮቶው ውሃ ሁሉ ከነክሎሪኑ ይመጣል። 15 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ጋር አገናኘው፤ ቢበላሽ እንኳ የሚመጣው 15 ሊትር ብቻ ነው።

#19 · ባለ መደርደሪያ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ባላችሁት መሠረት ተዘርግቷል፦ ዋናው 32 ፒቪሲ፣ ለየገንዳው ቅርንጫፍና ቫልቭ፣ ደርሶ፣ በየሳጥኑ ተጠባባቂ መውረጃ፣ 4500 ሊትር ፓምፕ። ዓሣ ሳይገባ በውሃ ብቻ እየሞከርኩ ነው። ባልዲው በ105፣ በ101 እና በ43 ሰከንድ ሞላ። ፓምፑን አምስት ጊዜ ነቅዬ መለስኩ፤ ሁሌም በራሱ ተነሳ። አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ሳምፑ 22 ላይ እየሠራ ስነቅለው 28.4 ላይ መቆም ነበረበት፣ እሱ ግን 31 ደረሰ።

#20 · ጋሼ ውሃ ልክ

ትርፉ 2.6 ሳ.ሜ ነው፤ በ4000 ስታባዛው 10.4 ሊትር። ይህ ውሃ ከአንዱ ገንዳ ነው የመጣው። ከሐ ከሆነ 10,400 ለ5400 ሲካፈል 1.9 ሳ.ሜ ይሆናል፤ የሐ አፍ በ2 ፈንታ 4 ሳ.ሜ ዝቅ ብሏል ማለት ነው። ከሀ ብቻ ቢሆን 4.3 ሳ.ሜ ተጨማሪ ይወርድ ነበር፣ እሱን ደግሞ በዓይንህ ታየው ነበር። ነቅለህ፣ ውሃው ከቆመ በኋላ የሦስቱንም ወለል ከላይኛው ጠርዝ በማስመሪያ ለካና ንገረኝ።

#21 · ባለ መደርደሪያ

ሐ ነው ጋሼ። ከሚሠራበት ልክ 4 ሳ.ሜ ወርዷል። ክርኑን ሳጣብቅ ወደ ታች ዞሮ ነበር። ቆርጬ በዩኒየን መለስኩት፤ አሁን ስነቅለው 28.5 ላይ ይቆማል።

#22 · ጋሼ ውሃ ልክ

ጥሩ። አሁን ፓምፑ እየሠራ የሐን ዋና መውረጃ በጨርቅ ድፈንና ተጠባባቂው ብቻውን ሙሉውን ሲሸከም እይ። ቀጥለህ ሀን፣ ከዚያ ለን። ሦስቱም ካለፉ፣ የመላሹ ክፍል 18 ሳ.ሜ ያለበትን ቦታ ውሃ በማያጠፋው ቀለም መስታወቱ ላይ አስምር። ቤት ውስጥ ውሃ የሚጨምር ሰው ሁሉ ፓምፑ እየሠራ እስከዚያ ብቻ ይሙላ፤ ፓምፑ ቆሞ እያለ ማንም አይጨምር።